ስለ ፊውዥኑ ማሽን ሳይሆን ስለ ሰዎቹ የሚያውቅ አለ?

የቼስተርፊልዱ (አዲስ አባል)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የጻፍኩት ነገሩ ሰፈሬ ድረስ ስለመጣ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ቼስተርፊልድ ካውንቲ ነው፤ ከሪችመንድ ትንሽ ወረድ ብሎ። ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ የሚባል ኩባንያ እዚሁ ጄምስ ሪቨር ኢንዱስትሪያል ፓርክ ውስጥ የፊውዥን ኃይል ማመንጫ (ፀሐይ እንደምታደርገው ትንንሽ አተሞችን አዋህዶ ኃይል የሚያወጣ) ሊሠራ ነው። ያሳወቁት ዲሴምበር 2024 ላይ ነው። (ቀኖቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ።) በ2030ዎቹ መጀመሪያ 400 ሜጋዋት ያመነጫል ይላሉ።

ባለቤቴ እንደሰማች «ይፈነዳል እንዴ?» አለችኝ። የቻልኩትን ያህል አንብቤ መለስኩላት። ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን አፌን አስያዘኝ። «ሰዎቹ እነማን ናቸው?» አለችኝ። እኛ አገር ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው እንኳ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠየቅ አይገባም። እነዚህ ደግሞ ጎረቤት ሊሆኑ ነው።

የማገኘው ጽሑፍ ሁሉ ወይ ስለ ቢል ጌትስ ገንዘብ ነው ወይ ስለ ፀሐይ ሙቀት። ማሽኑን ትቶ የሰዎቹን ታሪክ የሚያወራኝ አለ?

ካሴት_ጠምዛዥ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ባለቤትህ የጠየቀችው ነገር ከኛ ብዙዎቻችን ይሻላል።

ኩባንያው ውስጥ አልሠራም። ግን ቦስተን አካባቢ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ የተማርኩትም ፊዚክስ ስለሆነ ነገሩን ከጅምሩ ተከታትያለሁ። ረዘም ይልብሃል፤ ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል።

ታሪኩ የሚነሣው ሊዘጋ ከተፈረደበት ማሽን ነው። ኤም አይ ቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልካተር ሲ-ሞድ የሚባል ቶካማክ ነበር። ቶካማክ ማለት እሳት የሆነ ጋዝን፣ ማለትም ፕላዝማን፣ በማግኔት አንቆ ከግድግዳ ሳያስነካ የሚይዝ የዶናት ቅርጽ ያለው ዕቃ ነው። ሲ-ሞድ ከ1993 ጀምሮ ሠርቷል። በቁመናው ትንሽ ነበር፤ ማግኔቱ ግን ጉልበተኛ።

በ2012 መንግሥት ያቀረበው በጀት ሲ-ሞድ ይዘጋ የሚል ሆነ። አሜሪካ ፈረንሳይ አገር ለሚገነባው ኢተር ለሚባለው ግዙፍ የጋራ ፕሮጀክት የምታዋጣው ነበረባት፤ ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም። ኮንግረስ ጣልቃ ገብቶ ጥቂት ዓመት ቀጠለለት። መጨረሻው ቀን ግን ተቆረጠ፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2016።

እዚያ ዶክትሬት ይሠሩ የነበሩትን ልጆች እስቲ አስባቸው። ላብራቶሪያቸው የሚዘጋበት ቀን ታውቋል። አሜሪካ ውስጥ የቀሩት ትልልቅ ቶካማኮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሳንዲያጎ፣ አንዱ ፕሪንስተን። ከዚያ ማዕከል ከወጡት መካከል አራቱን ስማቸውን ያዝልኝ፦ ቦብ መምጋርድ፣ ብራንደን ሶርቦም፣ ዛክ ሃርትዊግ፣ ዳን ብሩነር። ከታላላቆቹ ደግሞ ሁለት አሉ። አንዱ የማዕከሉ ዳይሬክተር የነበረው ዴኒስ ዋይት ነው። ሌላው ምክትሉ ማርቲን ግሪንዋልድ። ስድስቱ ናቸው በ2018 ኩባንያውን የመሠረቱት።

ግሪንዋልድ የሚለውን ስም የፊውዥን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቶካማክ ውስጥ ፕላዝማ ምን ያህል መጠቅጠቅ እንደሚችል የሚለካው ጣሪያ «ግሪንዋልድ ሊሚት» ይባላል። ሰውየው በሕይወት እያለ ስሙ የፊዚክስ ቀመር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

የሲ-ሞድ የመጨረሻ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ? አዘጋግተው አልቅሰው አልሄዱም። በዚያችው ቀን ማሽኑን እስከ ጥግ ገፉት። የፕላዝማው ግፊት 2.05 አትሞስፌር ደረሰ። የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። የሰበሩትም የራሱን የሲ-ሞድን የ2005 ክብረ ወሰን ነው። ከዚያ አጠፉት።

የቦሌ_ልጅ

አቦ ይሄ ነገር እንባዬን ሊያመጣ ነው። ማሽን እኮ ነው!

ካልዳሰስኩ

ታሪኩ ያምራል፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። እኔ ተማሪ እያለሁ ፊውዥን 30 ዓመት ይቀረው ነበር። አሁን ጸጉሬ ሸብቷል፤ አሁንም 30 ዓመት ይቀረዋል። የነዚህኞቹ ሰዎች ልዩነት ምንድነው? ጥሩ ተረት ማውራት መቻላቸው ካልሆነ።

ካሴት_ጠምዛዥ

@ካልዳሰስኩ ስምህን ሳየው እንደምትመጣ አውቄ ነበር 😄

ልዩነቱን በሁለት ነገር ልንገርህ፤ አንዱ ቴፕ ነው፣ ሌላው የቤት ሥራ።

ቴፑ፦ በ1986 ዙሪክ ያሉ ሁለት የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች፣ ቤድኖርዝና ሙለር፣ ከዚያ በፊት ከታወቁት በተሻለ ሙቀት ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ኪሳራ የሚያስተላልፍ የሸክላ ዓይነት ቁስ አገኙ። በማግስቱ ዓመት ኖቤል ተሸለሙ። ሱፐርኮንዳክተር ነው የሚባለው። ችግሩ ሸክላ ሸክላ ነው፤ ሽቦ ልታደርገው ስትሞክር ይሰበራል። ብረት ላይ በስሱ ቀብተው እንደ ካሴት ክር የሚጠቀለል ለማድረግ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። ሬብኮ ይሉታል። የኔም የብዕር ስም ከዚያ የመጣ ነው።

ያ ቴፕ በሽያጭ መገኘት ሲጀምር ዴኒስ ዋይት አስተማሪ ነበር። ካናዳዊ ነው፤ የሳስካችዋን ልጅ። የፊውዥን ምህንድስና ዲዛይን ኮርስ ይሰጥ ነበር። ለተማሪዎቹ የሰጣቸው ሥራ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ይሄንን አዲስ ቴፕ ብትጠቀሙ የኃይል ማመንጫው ምን ያህል ሊያንስ ይችላል?

ለምን ቴፑ ዋና ነገር ሆነ? የማግኔቱን ጉልበት ሁለት እጥፍ ብታደርገው በአንድ ዓይነት ስፋት የምታገኘው የፊውዥን ኃይል 16 እጥፍ ይሆናል። ሁለትን አራት ጊዜ እርስ በርሱ አባዛው። ስለዚህ ማግኔቱ ሲጠነክር ማሽኑ ያንሳል። ማሽኑ ሲያንስ ደግሞ አገሮች ተሰብስበው መዋጮ ማዋጣት አይጠበቅባቸውም።

ልጆቹ ሠሩትና አርክ አሉት። በ2015 ጽሑፍ ሆኖ ወጣ። ከደራሲዎቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ያለው ስም የማን ነው? የሶርቦም። ያኔ ተማሪ ነው። አሁን @የቼስተርፊልዱ ሰፈር ሊተከል ነው የተባለው ጣቢያ ስሙ አርክ ነው። የክፍል ሥራ ነበር፤ ያው ስሙን እንደያዘ መጣ።

መምህር_በጡረታ

ልጄ ካሴት፣ ጥሩ አድርገህ ነው የምታስረዳው። እኔ 34 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ግር አለኝ። ማግኔቱ በረዶ ከሚባለው በላይ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ፕላዝማው ደግሞ 100 ሚሊዮን ዲግሪ ነው። ሁለቱ አንድ ዕቃ ውስጥ እንዴት ተስማምተው ያድራሉ?

ካሴት_ጠምዛዥ

መምህር፣ እርስዎ እያሉ እኔ ማስረዳቴ ድፍረት ነው። ማግኔቱ 20 ኬልቪን ላይ ነው የሚሠራው፤ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ መሆኑ ነው። መሐላቸው ባዶ አየር አልባ ክፍተት አለ፤ መከላከያ ንብርብር አለ። ፕላዝማው ደግሞ ሙቀቱ ያስፈራል እንጂ መጠኑ ኢምንት ነው። ውስጡ ያለው ነዳጅ አንድ ግራም አይሞላም። ግድግዳ ከነካ ወዲያው ይቀዘቅዝና ይጠፋል፤ የሚነካበትን ቦታ ግን ሊጎዳው ይችላል።

ለ@የቼስተርፊልዱ ባለቤትም መልሱ ይኸው ነው። አይፈነዳም። ግን ምንም ጨረር የለውም የሚል ሰው ካጋጠማት አትመነው። ከነዳጁ አንዱ ትሪቲየም ነው፤ ሬዲዮአክቲቭ ነው፤ በ12 ዓመት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። በውስጡ ያለው ብረትም በኒውትሮን ብዛት ሬዲዮአክቲቭ ይሆናል። ማመንጫው ሲዘጋ በጥንቃቄ የሚያዝ ቆሻሻ ይኖራል ማለት ነው።

የሲያትሏ

እኛም ሰፈር አለ እኮ! ከሲያትል ወደ ሰሜን ኤቨረት ላይ ሄሊዮን የሚባለው። ዴቪድ ከርትሊ፣ ጆን ስላው፣ ክሪስ ፒልና ጆርጅ ቮትሩቤክ ናቸው በ2013 የመሠረቱት። እነሱ እንደነ ዋይት የዩኒቨርሲቲ ትልቅ ማሽን አልነበራቸውም። የመጡት ሬድመንድ ካለች ትንሽ የምርምር ድርጅት ነው።

የነሱ አካሄድ ሌላ ነው። ፕላዝማን ቋሚ አድርጎ መያዝ አይፈልጉም። ከሁለት በኩል አስፈንጥረው መሐል ላይ ያጋጩታል፣ ይጨምቁታል፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ከማግኔቱ መልሰው እንሰበስባለን ነው የሚሉት። ውኃ ማፍላት፣ ተርባይን ማዞር የለም። ማይክሮሶፍት በ2023 ውል ገባላቸው፤ በ2028 ቢያንስ 50 ሜጋዋት ሊያቀርቡለት። የቻትጂፒቲው ኩባንያ መሪ ሳም አልትማን ደግሞ በ2021 ብቻ ከኪሱ 375 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል።

እኔን የሚገርመኝ የሁለቱ ጠባይ ልዩነት ነው። የቦስተኖቹ ጽሑፋቸውን በጆርናል ያወጣሉ፣ ሌላው እንዲተቻቸው። የኛዎቹ ዝም ብለው መሥራት ነው የሚወዱት። ፊዚክስ የተማሩ ጓደኞቼ በዚህ ያሟቸዋል።

ካልዳሰስኩ

2028! እቴ፣ ያቺን ቀን አብረን እንጠብቃታለን።

እስቲ ቀን በቀን እንተሳሰብ። ኮመንዌልዝ በ2018 ሲመሠረት ስፓርክ የተባለው መሞከሪያ ማሽን በ2025 ይሠራል ተባለ። አሁን ወደ 2027 ተገፍቷል። በ2022 ዲሴምበር ካሊፎርኒያ ያለው የመንግሥት የሌዘር ማዕከል ከገባበት በላይ ጉልበት አወጣ ተብሎ ዓለም ጨፈረ። 2.05 ሜጋጁል ገብቶ 3.15 ወጣ፤ እሰየው። ሌዘሮቹን ለመተኮስ ከመብራት መስመር የተወሰደው ግን 300 ሜጋጁል ገደማ ነበር። ይሄን ማንም አያወራም።

ሌላው ደግሞ ትሪቲየም ከየት ይመጣል? ለንግድ የሚገኘው በአብዛኛው ከካናዳ የኑክሌር ጣቢያዎች ነው፤ በዓለም ላይ ያለው ክምችት በኪሎ ቢቆጠር ጥቂት አሥሮች ነው።

ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ጥሩ ሰው ግን መብራት አያበራም።

ካሴት_ጠምዛዥ

የ2025ቱን አልክድህም። ዘግይተዋል። የትሪቲየሙም ጥያቄ ትክክል ነው። እነሱ የሚሉት አርክን ሊቲየም ባለበት ቀልጦ በሚፈስ ጨው እንከበዋለን፤ ኒውትሮኑ ሊቲየሙን ሲመታ ትሪቲየም ይፈጠራል ነው። በወረቀት ላይ ይሠራል። በዚያ መጠን ሠርቶ ያሳየ ግን እስካሁን የለም።

ግን አንድ የዳሰሱት ነገር አለ። እስቲ ያቺን ሌሊት ላውራህ።

ሴፕቴምበር 5 ቀን 2021፤ እሑድ ሊነጋ ሲል። ኤም አይ ቲ ውስጥ፣ ሲ-ሞድ በነበረበት በዚያው ማዕከል፣ አንድ የዲ ፊደል ቅርጽ ያለው ማግኔት ቆሟል። ክብደቱ 9 ቶን ገደማ። ውስጡ 16 ሳህን የሚመስሉ ንብርብሮች አሉ፤ በነሱ ላይ የተጠቀለለው ቴፕ 267 ኪሎሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥተህ ሐዋሳ ልትገባ ጥቂት ሲቀርህ ያለው መንገድ በለው። ኤሌክትሪኩን ቀስ እያሉ ጨመሩ፣ ጨመሩ። የማግኔቱ ጉልበት 20 ቴስላ ደረሰ። በዚያ ትልቅነት እንደዚያ የጠነከረ የሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ከዚያ በፊት አልነበረም።

ያንን ያህል ጉልበት በመዳብ ማግኔት ለማግኘት ቀድሞ የተደረገ ሙከራ 200 ሚሊዮን ዋት ፈጅቶ ነበር። ይሄኛው 30 ዋት አካባቢ ነው የፈጀው፤ የአንድ አምፖል ያህል። ለማቀዝቀዣው የሚወጣው ሌላ ሒሳብ ነው፤ ካልዳሰስኩ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው 😄 ዋይት በኋላ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የፊውዥን ዋጋ በዋት ሲሰላ ወደ 40 እጥፍ ቀነሰ ብሎ ተናግሯል። የሞቅታ ንግግር ነው ብትል አልቀየምህም፤ ግን ማግኔቱ ሠርቷል።

ከሁሉም በላይ የምወደው ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው። ክብረ ወሰን የሰበረውን ማግኔት ለኤግዚቢሽን አላስቀመጡትም። ሆን ብለው መብራቱን አቋረጡበት። ሱፐርኮንዳክተር በድንገት ሲሞቅ የተጠራቀመው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ የማግኔት ሰዎች እንደ ሞት የሚፈሩት ነገር ነው። እነሱ እንዲሆን ፈለጉ። ከ16ቱ ሳህኖች የአንዱ ጥግ ቀለጠ። ኮምፒውተር ላይ የተነበዩትን ከቀለጠው ጋር አስተያዩ፤ ዲዛይኑን ለማስተካከል ተጠቀሙበት። ሥራውን የመራው ሃርትዊግ ነው፤ መሥራች ሆኖ ግን ኩባንያው ውስጥ አልገባም፤ ኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ቀረ። ዝርዝሩን በ2024 በስድስት ጽሑፍ አወጡት፤ የቀለጠውን ጥግ ጨምሮ።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገባ።

የቦሌ_ልጅ

20 ቴስላ ስትል እኔ መኪናው መስሎኝ ነበር። 20 መኪና ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት 😂😂

አወያይ

ስለ ሕዳሴ ግድብ የተጀመረው ክርክር (11 ጽሑፍ) ወደ ራሱ ክር ተዛውሯል። ቢል ጌትስ ፀሐይን ሊሸፍን ነው የሚለውም ተነሥቷል። እባካችሁ ስለ ሰዎቹ ተብሏል፤ ስለ ሰዎቹ።

አርጎን_በያጅ

እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ በያጅ ነኝ። የማይዝግ ብረት በአርጎን እበይዳለሁ። ስለ ሰዎቹ ነው የምናወራው ከተባለ እኔም የምለው አለ።

ባዶ አየር የሚይዝ ዕቃ መበየድ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እሠራበት የነበረ አንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ትልቅ ታንክ ጨርሰን ለፍተሻ ቀረበ። ከውስጥ አየሩ ይመጠጣል። አንዱ ሰው ከውጭ በቀጭን ቱቦ ሂሊየም ብየዳው ላይ እያስነካ ይሄዳል። ሌላው የመሣሪያውን መርፌ ያያል። የሆነ ቦታ ላይ መርፌው ከፍ አለ። ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በዓይን አይታይም፣ በእጅ አይታወቅም። ሦስት ቀን ፈለግናት። የኔ ብየዳ ነበረች። አንድ ጥግ ላይ እጄ ስላልደረሰ ጎንበስ ብዬ በመስታወት እያየሁ የጨረስኩት ቦታ። ፈጭተን እንደገና በየድኩት። እስከ ዛሬ ያቺን ጥግ አልረሳትም።

አሁን እናንተ ዶክትሬት ያላቸውን ስድስት ሰው ጠራችሁልን። በማርች 2025 ማሳቹሴትስ፣ ዴቨንስ የገባውን የስፓርክን መሠረት አይታችሁታል? 75 ቶን፤ ወርዱ ከ7 ሜትር በላይ የሆነ ክብ ብረት። የተሠራው ጣሊያን አገር ነው። ያንን የበየደው ሰው ስሙ የትም የለም።

ካሴት_ጠምዛዥ

@አርጎን_በያጅ ትክክል ነህ፤ ተይዣለሁ። ያንተ ጽሑፍ ከኔው ሁሉ ይበልጣል።

እነሱም ይሄ የገባቸው ይመስለኛል። ዴቨንስ የድሮ የጦር ካምፕ ነው፤ እዚያ ከስፓርክ ጎን የማግኔት ፋብሪካ ሠሩ። ስፓርክ 18 ትልልቅ ማግኔት ያስፈልገዋል፤ ተራ በተራ በእጅ እየጠቀለልክ አትዘልቀውም። ስለዚህ ማምረቻውን እንድታደራጅ ጆይ ደንን ከስፔስኤክስ አመጧት። እዚያ ወደ አሥር ዓመት ሠርታለች፤ ፕላዝማ አልተማረችም። ከምርምር ሰዎች ጋር ከሮኬትና ከመኪና ፋብሪካ የመጡ ሰዎች ተቀላቀሉ። አሁን ከ1,000 በላይ ሠራተኛ አለ።

መምጋርድም ራሱ ነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የተማረው መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ ከፊዚክሱ ጋር። ሲናገር ከሰማኸው ስለ ኮከብ ብዙ አያወራም። ስለ ዕቃ አቅራቢ፣ ስለ ቀነ ገደብ፣ ስለ ፋብሪካ ነው የሚያወራው።

ካልዳሰስኩ

በያጁን ሰምቼ ትንሽ ለሰለስኩ 🙂

ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ከቴክኒኩ ሌላ ነው። ሲ-ሞድን 20 ዓመት ያንቀሳቀሰው የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው። እነዚህን ልጆች ያስተማረው ማሽን የሕዝብ ነበር። መንግሥት ዘጋው፤ ከዚያ የጣሊያኑ የነዳጅ ኩባንያ ኤኒ በ2018 50 ሚሊዮን ዶላር ይዞ መጣ፤ ቀጥሎ ባለሀብቶቹ። በ2025 ነሐሴ ላይ 863 ሚሊዮን ተጨምሮ የተሰበሰበው ጠቅላላ ወደ 3 ቢሊዮን ደርሷል። ዕውቀቱ የሕዝብ፣ ትርፉ የባለሀብት። ይሄ አይከነክናችሁም?

መምህር_በጡረታ

ይከነክናል ልጄ። ግን ዕውቀት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ የግል ባንክ ውስጥ ናቸው፤ ያስተማርኳቸው በመንግሥት ጠመኔ ነው። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ማሽኑን የዘጋው ሰው ምን እንደሚወለድ አላወቀም። ባይዘጋ ኖሮስ? ልጆቹ እዚያው ሥራ ይዘው፣ ክብረ ወሰን እየሰበሩ፣ ጡረታ ይወጡ ይሆን?

የሲያትሏ

መምህር 👏 ይሄንን እኔም ሳስብ ነበር። ቫንኩቨር አጠገብ ጄኔራል ፊውዥን አለ። የመሠረተው ሚሸል ላበርዥ የሕትመት ሌዘር መሥሪያ ቤት ሥራውን ትቶ ነው፤ በ2002። ካሊፎርኒያ ደግሞ ታይ የሚባለው አለ። እሱ ከ1998 ጀምሮ ነው፤ ፕሮፌሰር ኖርማን ሮስቶከርና ተማሪው ሚሽል ቢንደርባወር ናቸው ያስነሡት። ሮስቶከር በ2014 ሞተ፤ ማሽኑ መብራት ሲሰጥ አላየም። ተማሪው ግን ዛሬም እየመራው ነው። አስተማሪና ተማሪ የሌለበት የፊውዥን ኩባንያ ብትፈልጉ ብዙ የምታገኙ አይመስለኝም። ሥራው ከአንድ ሰው ዕድሜ ስለሚረዝም ይሆናል።

የቼስተርፊልዱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ክሩን በሙሉ ለባለቤቴ አነበብኩላት። የበያጁ ጋ ስንደርስ አስቁማኝ ድጋሚ አስነበበችኝ። አባቷ ብረታ ብረት ቤት ነበራቸው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። መብራቱ ለኛ ነው ወይስ ለሌላ?

ካሴት_ጠምዛዥ

መሬቱ የመብራት ኩባንያው የዶሚኒየን ኢነርጂ ነው፤ ኮመንዌልዝ የሚገነባው በራሱ ገንዘብ ነው፤ መብራቱ ወደ መስመሩ ይገባል። በጁን 2025 ጉግል 200 ሜጋዋት ሊገዛ ተዋውሏል፤ ግማሹን ማለት ነው። ኤኒም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የግዢ ውል ገብቷል። ቨርጂኒያን የመረጡት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፤ ዳታ ሴንተር የሞላበት ግዛት ነው፤ መብራት ፈላጊው እዚያው ነው። በኤሌክትሮኑ ላይ የማን እንደሆነ አልተጻፈም፤ ውሉ ላይ ግን ተጽፏል።

መጀመሪያ ግን ዴቨንስ ያለው ስፓርክ መሥራት አለበት። ከገባበት በላይ ኃይል ካላወጣ እናንተ ሰፈር የሚመጣ ነገር አይኖርም። እኔም እነሱም የምንጠብቀው 2027ን ነው።

የቼስተርፊልዱ

ገባኝ። ለባለቤቴ እንደዚሁ ነገርኳት። ቡና እየቆላች ሰማችኝና ሌላ ጥያቄ አመጣች፤ እኔ መልስ የለኝም።

«ያ አስተማሪ ያን የክፍል ሥራ ስንት ሰጣቸው?»

የቦሌ_ልጅ

😂😂😂 ኧረ መልሱላት!

ካሴት_ጠምዛዥ

እውነት ለመናገር ይሄንን ጠይቄ አላውቅም።

መምህር_በጡረታ

እኔ ብሆን መብራቱ እስኪበራ ድረስ ኢንኮምፕሊት ነበር የምሰጣቸው።